የልጃችሁን ጠጉር ዕወቁት



ዛሬ የመጣነው ስለ ጠጉር ልንነግራችሁ ነው። «ጠጉር ደግሞ ምን ይነገርለታል? አበጥሮ መጐንጐን ነው እንጂ!» የምትሉ አትጠፉም። ነገር ግን የልጇን የተፈጥሮ ጠጉር ለይታ የምታውቅ እናት፥ በሽታ ሲመጣ ቶሎ ትነቃለች።

ባንድ መንደር ቤት ለቤት ስንዞር አንዲት እናት የሁለት ዓመት ልጇን አቅርባ፥ «ከርዳዳ የነበረው ጠጉሩ ዞማ ሆነልኝ፤ ቀላ አለልኝ፤ ፊቱም ሞላ» ብላ በደስታ አሳየችን። እኛ ግን ሁለቱንም እግሮቹን በአውራ ጣት ጫን አድርገን ብንለቀው ጐድጕዶ ቀረ። ልጁ አብጦ ነበር እንጂ አልወፈረም። ታናሹ ከተወለደ ወዲህ ጡት ተከልክሎ የሚበላው ደረቅ እንጀራ ብቻ ነበረ። በጋና አገር ይህን በሽታ «ኳሺዮርኮር» ይሉታል፤ ይኸውም ታናሽ ሲወለድ ታላቁን የሚይዝ በሽታ ማለት ነው። ልጁን በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድነው፤ ታክሞም ዳነ። ከወራት በኋላ ብናየው ከሥሩ የበቀለው ጠጉር እንደ ድሮው ጥቁርና ከርዳዳ ሆኗል።

እንግዲህ የልጃችሁን ጠጉር ለማወቅ እንዲህ አድርጉ።

1ኛ፤ ቅቤ የተቀባ ወይም የተጐነጐነ ጠጉር ተፈጥሮው አይታይም። ስለዚህ ሹሩባውን ፍቱና ለብ ባለ ውሃና በሳሙና እጠቡት፤ በደንብም አለቅልቁት።

2ኛ፤ ምንም ሳትቀቡት በራሱ ይድረቅ።

3ኛ፤ በቀን ብርሃን ተመልከቱት። ቀጥ ብሎ ከወረደ ሉጫ ነው፤ ቀለበት ቀለበት ከሠራ ጥቅልል ነው፤ እጥፍጥፍ ብሎ ከተሰበሰበ ከርዳዳ ነው። ሁሉም ከወላጅ የሚወረስ ጤነኛ ጠጉር ነው፤ አንዱ ካንዱ አይበልጥም። ቁንጮ ወይም ጋሜ የተላጨ ልጅ ከሆነ የቀረችውን ጠጉር ተመልከቱ።

4ኛ፤ ጥቂት ጠጉር በሁለት ጣት ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ጤነኛ ጠጉር በቀላሉ አይነቀልም።

5ኛ፤ እግረ መንገዳችሁን ቅማል፥ ቅጫምና ቆረቆር እንዳለ ፈልጉ። ቆረቆር የሚዋጥ መድኃኒት አለውና ቅባት ብቻ እየቀባችሁ አትቆዩ።

ሕፃን ሲወለድ ይዞት የመጣው ጠጉር ረግፎ ሌላ ዓይነት ቢበቅል አትደንግጡ፤ ይህ የተለመደ ነው። ነገር ግን ጡት የተወ ልጅ ጠጉሩ ከሳሳ፥ ከቀላ፥ ሳያመው ከተነቀለ፤ እግሮቹም ካበጡ፥ መጫወትና መብላትም ከተወ፥ በዚያው ቀን ወደ ጤና ኬላ ይዛችሁት ሂዱ። «ቅቤ እንቀባውና እንየው» አትበሉ።

ከሁሉ የሚሻለው አስቀድሞ መጠንቀቅ ነው። ልጁ እስከ 6 ወር የእናቱን ጡት ብቻ ይጥባ። ከዚያ በኋላ እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ እየጠባ፥ ባቄላ፥ ሽምብራ ወይም ምስር የተቀላቀለበት ገንፎ ይብላ፤ ዕንቁላልና ወተት ሲገኝም ለልጁ ይቅደም።

እናቶቻችን፤ «ሳይቃጠል በቅጠል» ትሉ የለም? የፊታችን ቅዳሜ ጠጉር ስታጥቡ ይህን ምክራችንን አስቡት፤ ለጎረቤትም ንገሩ።