የየቲም ንብረት ይታደስ እንጂ አይፍረስ
(ለማኅበሩ አባላትና ለየቲም ቤተሰቦች ከተደረገ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



በገጠር አባወራ በሞት ሲለይ ለልጆቹ ከሚተርፈው ንብረት መካከል ብዙ ጊዜ ከማሳው ጥግ የቆመ አሮጌ የእህል ቤት ይገኝበታል። ክዳኑ ያፈሳል፤ ግድግዳው ተሰነጣጥቋል። ዘመድ ተሰብስቦ «ፈርሶ እንጨቱና ቆርቆሮው ይሸጥ» ይላል። እኛ ግን ከመፍረሱ በፊት ደግመን እናስብ እንላለን።

በሱረቱል ከህፍ እንደተነገረን፣ ነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ) እና አላህ ዕውቀት የሰጠው ደግ ባሪያ መስተንግዶ በነፈገቻቸው ከተማ ሊወድቅ የተቃረበ ግድግዳ አገኙ። ያ ደግ ሰው ያለ ክፍያ አቃናው። ምክንያቱ ኋላ ተገለጠ፤ ግድግዳው የሁለት የቲሞች ነበር፤ ከሥሩም ሀብታቸው ተቀብሮ ነበር። ልጆቹ አድገው እስኪያወጡት ድረስ መቆም ነበረበት።

በ622 እ.ኤ.አ. በመዲና የነቢዩ መስጂድ የተሠራበት ቦታም ቀድሞ የሁለት የቲሞች፣ የሰህልና የሱሀይል፣ የተምር ማድረቂያ ነበር። ልጆቹ በነጻ እንስጥ ቢሉም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዋጋውን ሳይከፍሉ አልወሰዱትም። የየቲም የተምር ማስጫ እንኳ እንዲህ ከተከበረ፣ የእህል ቤቱን በማገዶ ዋጋ ልንሸጠው እንዴት ይቀለናል?

ጥገናው ከውኃ መከላከል ይጀምራል። የጭቃ ግድግዳን የሚያፈርሰው ከላይ የሚያፈስ ክዳንና ከሥር የሚተኛ ጎርፍ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ክዳኑ ይደፈን፤ በዙሪያውም ቦይ ይቆፈር። ከዚያ ቋሚዎቹ አንድ በአንድ ይፈተሹ፤ ምስጥ የበላው ብቻ ይለወጥ። ግድግዳው ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ ለቀናት በቦካ ጭቃ ይመረግ። የሲሚንቶ ልስን ለዓይን ቢያምርም በጭቃ ላይ እርጥበት አፍኖ ይይዛል፤ ቆይቶም ተሰንጥቆ ይረግፋል። ሥራው ሁሉ ክረምት ሳይገባ ይጠናቀቅ።

ጥቅሙ ምንድን ነው? ማከማቻ የሌላት እናት በጥር የልጆቿን እህል በርካሽ ሸጣ በሐምሌ በውድ ትገዛለች። ከረጢቱ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳው ራቅ ብሎ ቢቀመጥ ቀለባቸውና ዘራቸው ከእርጥበት ይጠበቃል። ትርፍ ቦታ ካለ ለጎረቤት ይከራይ፤ ኪራዩም ለልጆቹ ደብተርና ልብስ ይሁን።

እዚህ ላይ አንድ አማና አለ። ሥራው በደቦ ሲሠራ የደቦው ምሳ ከየቲሙ ጎታ አይውጣ። የየቲምን ገንዘብ በግፍ መብላት በሱረቱ አን-ኒሳእ ምን ያህል እንደተወገዘ እናውቃለን። ምሳውን፣ ምስማሩንና ቆርቆሮውን እኛ እንሸፍን። ወጪውና ኪራዩ በምስክር ፊት ይጻፍ፤ ልጆቹ ለአካለ መጠን ሲደርሱም ንብረታቸውን ከነመዝገቡ ይረከቡ።

ወርኃዊ ድጋፋችሁ አይቋረጥ፤ እርሱ የዛሬ እንጀራቸው ነው። የታደሰው ቤት ግን የነገ መቆሚያቸው ነው። ገንዘብ ያለው በገንዘቡ፣ ሙያ ያለው በእጁ ያግዝ።

አላህ ሥራችንን ይቀበለን፤ የቲሞቻችንንም በጥበቃው ያሳድግልን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።