አባይን በካያክ

እሱ፦ እ.ኤ.አ. በ2004 ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን ጥቁር አባይን ከምንጩ ተነሥተው በ114 ቀን ሜዲትራኒያን ደረሱ።

እሷ፦ ስካቱሮ እ.ኤ.አ. በ2001 ዓይነ ስውሩን ኤሪክ ዋይንማየርን ኤቨረስት ጫፍ ያደረሰውን ቡድን የመራው ሰው አይደል?

እሱ፦ ራሱ! ብራውን ደግሞ የካያክ ቀዛፊ ነው።

እሷ፦ እኔን የሚያሳስበኝ አዞው ነው።

እሱ፦ አዞስ ረጋ ያለ ውሃ ይወዳል። መሪ የሚፈተነው የሚናጠው ውሃ ላይ ነው፤ ከጀልባው ወርዶ ዳር ዳሩን በእግሩ ይሄዳል፣ ድንጋዩን፣ አዙሪቱን አንድ በአንድ ያያል፤ ካላማረው ጀልባውን አሸክሞ በየብስ ያዞራል።

እሷ፦ ደፋር ነው ስንል ፈሪ ሆነ በለኛ!

እሱ፦ እኔ የምከተለው እንዲህ ያለውን ፈሪ ነው።

እሷ፦ ታዲያ ያንኑ መንገድ እንሞክረው?

እሱ፦ አይሆንም፤ ከሱዳን ድንበር በፊት ያለው ሸለቆ ዛሬ የሕዳሴው ግድብ ሐይቅ ሆኗል።