በዓይንጋዲ አለት ላይ ስለሚኖር ቀጭን ተክል
(በአሽዶድ ወደብ ከተማ ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር)



ልጆቻችሁ ከትምህርት ቤት የጢዩል ፈቃድ ወረቀት ይዘው መጥተዋል። ጉዞው ወደ ዓይንጋዲ ነው። «ልጆቹ በረሃ ሄደው ምን ያያሉ?» ያላችሁኝ ስላላችሁ፣ እዚያ ስለሚበቅል አንድ ተክል ልንገራችሁ።

በዕብራይስጥ «ሰዓሮት ሹላሚት» ይባላል፤ የሹላሚት ጠጉር ማለት ነው። እኛ በመኃልየ መኃልይ ሱላማጢስ የምንላት ናት። ዘንጉ እንደ ጠጉር ቀጭንና ጥቁር ነው፤ ቅጠሉ ላይ ውሃ ቢፈስበት ተንከባልሎ ይወርዳል እንጂ አያርሰውም። «ሻራኽ» ከሚባሉት ዕፅዋት ወገን ስለሆነ አበባም ፍሬም የለውም። ከቅጠሉ ጠርዝ ሥር እንደ ዱቄት የላመ ብናኝ ይይዛል። ብናኙ እርጥብ ቦታ ሲያርፍ መጀመሪያ ከጥፍር የምታንስ አረንጓዴ ነገር ትበቅላለች። በእርሷ ላይ ወንዴው ዘር ወደ ሴቴው የሚደርሰው በውሃ ውስጥ ዋኝቶ ነው። ስለዚህ እርጥበት ከሌለ አይራባም፤ ከወደባችን ጀርባ ባለው አሸዋ ላይም አታገኙትም።

ዓይንጋዲ በጨው ባሕር ዳር፣ ከባሕር ወለል በታች ያለ ሐሩር አገር ነው። ነገር ግን በይሁዳ ተራሮች የዘነበው ዝናብ በድንጋይ ውስጥ ሰርጎ እዚያ ይመነጫል፤ ናሐል ዳቪድ ዓመቱን ሙሉ ይፈሳል። ተክሉ ከፏፏቴው አጠገብ፣ ውሃ በሚያንጠባጥበው ጥላማ አለት ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል። ጥቂት ራቅ ካላችሁ ደረቅ ድንጋይ ብቻ ነው። የአካባቢው ምንጮች በዓመት 3 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ይሰጣሉ፤ ብዙው ለእርሻና በጠርሙስ ለሚታሸግ ውሃ ይውላል። በእኔ አስተያየት የውሃው ክፍፍል ሲነሳ ይህን አለት አይቶ መነጋገር ይገባል።

ተክሉን ከእኛ ስደት ጋር ላመሳስል አልመጣሁም፤ እንዲህ ያለው ንግግር በዝቷል።

ይኸው ተክል በኢትዮጵያም በወንዝ ዳር፣ ጥላ ባለው ድንጋይ ላይ ይበቅላል። ከምንጭ ውሃ የቀዳችሁ እናቶች አይታችሁት ይሆናል። «ልጄ ሁሉን ያውቃል፣ እኔ ምን አውቃለሁ» ስትሉ እሰማለሁ። ልጁ የዕብራይስጡን ስም ይንገራችሁ፤ ምንጭ ሲነጥፍ ዙሪያው ምን እንደሚሆን ደግሞ እናንተ ንገሩት።

በጥብቅ ክልሉ ውስጥ ቅጠል መቁረጥ ክልክል መሆኑን ለልጆቹ አስረዱ። ለቤቱ የፈለገ ከአበባ መሸጫ ይግዛ። በረንዳ ላይ የባሕሩ ጨዋማ ነፋስና የቀትር ፀሐይ ያደርቁታል፤ ቤት ውስጥ፣ ብርሃን ባለበት ግን ፀሐይ በቀጥታ በማይመታው ቦታ፣ አፈሩ ሳይደርቅ ይቀመጥ።

ለጉዞው ባርኔጣና በቂ ውሃ አትርሱ። ወረቀቱን ማንበብ ያስቸገራችሁ እዚሁ ቆዩ፣ አብረን እንሞላዋለን።