ከዝንብ ወደ ንብ፤ የባርቤሪኒ ቤተ ሰብ ስምና ዓርማ
(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ንግግሬ ስለ አንድ የኢጣልያ ቤተ ሰብ ስምና ዓርማ ነው። ምናልባት አንዳንዶቻችሁ «ይህ ልጅ የገዛ አያቶቹን ቈጥሮ ሳይጨርስ የሰው አገር ዘር ይቈጥራል» ትሉ ይኾናል። ነገር ግን ወደዚህ ጉዳይ የመራኝ የገዛ አያቴ ስም ስለ ኾነ፥ እስከ መጨረሻው እንድትታገሡኝ እለምናለሁ።

በእኛ አገር ሰው የሚጠራው በራሱና በአባቱ ስም ነው፤ ትውልድ በተለወጠ ቍጥር የአያት ስም ወደ ኋላ ይቀራል። በኢጣልያ ግን አንድ የቤተ ሰብ ስም ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ ብዙ መቶ ዓመት ይኖራል። አንዳንዱ ስም ከአባት ይወጣል፤ ዲ ጆቫኒ ማለት የዮሐንስ ልጅ ማለት ነው። አንዳንዱ ከሥራ ነው፤ ፌራሪ የብረት ቀጥቃጭ ስም ነው። አንዳንዱ ከመልክ ነው፤ ሮሲ «ቀዮቹ» ማለት ነው። አንዳንዱም ከትውልድ ቦታ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፥ ዛሬ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸውና፥ በ1563 የትሬንቶ ጉባኤ ጥምቀትና ጋብቻ በየአጥቢያው መዝገብ እንዲጻፍ ካዘዘ ወዲህ እነዚህ ስሞች ይበልጥ ጸኑ።

ዓርማ ደግሞ ከጦር ሜዳ የመጣ ነገር ነው። በ12ኛው መቶ ዓመት የአውሮፓ ፈረሰኞች ፊታቸውን በብረት ቆብ ይሸፍኑ ስለ ነበር፥ ወገን ከጠላት እንዲለይ በጋሻቸው ላይ ምልክት ይሥሉ ጀመር። ለዚህም ሕግ አለው። ወርቅና ብር ማዕድን ይባላሉ፤ ቀይ፥ ሰማያዊ፥ ጥቍርና አረንጓዴ ቀለም ይባላሉ። ምልክቱ ከሩቅ እንዲታይ ማዕድን በማዕድን ላይ፥ ቀለምም በቀለም ላይ አይደረግም። ብዙ ቤተ ሰቦች ስማቸውን በጋሻቸው ሥዕል ይናገራሉ። ኮሎና ማለት ዓምድ ስለ ኾነ፥ የሮማው የኮሎና ቤተ ሰብ ዓምድ ሣለ፤ ስካላ ማለት መሰላል ስለ ኾነ፥ የቬሮና ገዦች የነበሩት ዴላ ስካላዎች መሰላል ሣሉ።

እንግዲህ ወደ ባርቤሪኒዎች እንምጣ። ከፍሎረንስ በስተ ደቡብ፥ በኤልሳ ሸለቆ፥ ባርቤሪኖ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከዚያች ከተማ ወጥቶ በፍሎረንስ በንግድ የበለጸገ አንድ ቤተ ሰብ ነበር። የቀድሞ ስሙ ታፋኒ ነው። ታፋኖ ማለት ፈረስንና ከብትን እየነከሰ ደም የሚመጥ ትልቅ ዝንብ ነው፤ በጋሻቸውም ላይ ሦስት እንዲህ ያሉ ዝንቦች ነበሩ። ቤተ ሰቡ ሀብትና ክብር ባገኘ ጊዜ ግን ስሙን ትቶ በከተማይቱ ስም ባርቤሪኒ ተባለ፤ ዝንቦቹም ቀርተው በሰማያዊ መደብ ላይ ሦስት የወርቅ ንቦች ተሣሉ። ዝንብና ንብ በሥዕል ሲታዩ ልዩነታቸው ጥቂት ነው፤ በክብር ግን አንዱ ደም መጣጭ ሲኾን ሌላው ማር ሠሪ ነው።

በ1568 ከዚህ ቤት የተወለዱት ማፌኦ ባርቤሪኒ፥ በ1623 ኡርባኖስ 8ኛ ተብለው የሮማ ፓፓ ኾኑ። ለእኛም ታሪክ እንግዳ አይደሉም፤ ዐፄ ሱስንዮስ በ1626 ለሮማ መታዘዛቸውን በይፋ ሲገልጹ፥ በ1632ም የአገሩን ሃይማኖት ሲመልሱ፥ በሮማ መንበር የነበሩት እኚሁ ሰው ናቸው። በእርሳቸው ዘመን ንቦቹ ሮማን ሞሏት። በርኒኒ በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በሠራው ታላቅ የነሐስ ድንኳን እግር ሥር፥ በስምንት የእብነ በረድ ጋሻዎች ላይ ዛሬም ይታያሉ። በ1625 የሮማ ሊቃውንት ንብን በማይክሮስኮፕ አይተው ሥዕሉን አሳትመው ያበረከቱት ለእርሳቸው ነው።

ነገር ግን ንብ መሣል ብቻውን ንብ አያደርግም። ፓፓው ወንድማቸውንና ሁለት የወንድማቸውን ልጆች ካርዲናል አደረጉ። በ1625 የጥንቱን የፓንቴዮን ደጀ ሰላም ነሐስ አስፈርሰው አብዛኛውን መድፍ አሠሩበት፤ የሮማ ሰዎችም ባርቤሪኒ የሚለውን ስም፥ አረመኔ ማለት ከኾነው ባርባሪ ከሚለው ቃል ጋር አጋጥመው መቀለጃ አደረጉት። ቀድሞ ወዳጃቸው የነበረው ጋሊሌዮ በ1633 ተፈርዶበት፥ በ1642 እስኪሞት ድረስ ከቤቱ እንዳይወጣ ተደረገ። እርሳቸውም በ1644 ባረፉ ጊዜ የወንድማቸው ልጆች ብዙ ሳይቈዩ ወደ ፈረንሳይ ሸሹ። ዝንቡን ከጋሻ መፋቅ ለሠዓሊ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ከሰው አፍ መፋቅ ግን የሠዓሊ ሥራ አይደለም።

አሁን ስለ ራሴ ልናገር። የአያቴ ስም «አመድ» ከሚለው ቃል የወጣ ነው። ክፍል ውስጥ ስም ሲጠራ ጓደኞቼ ይሥቁብኝ ስለ ነበር፥ ሳፍርበት ኖርሁ። ዘንድሮ የመልቀቂያ ፈተና ፎርም ስንሞላ የአያት ስም የሚጻፍበትን ቦታ ባዶ ትቼ፥ ሌላ ስም እንድጽፍ አባቴን ፈቃድ ለመንሁት። አባቴ አልተቈጣኝም። «ከእርሱ በፊት የተወለዱት ሦስቱም ሞተው ነበር፤ እናቱ ይህን ስም ያወጣችለት ሞት ንቆ እንዲተውላት ነው። ይህን ካወቅህ በኋላ የፈለግኸውን ጻፍ» አለኝ። አያቴም ሰባ ዓመት አልፏቸው፥ ያረሱትን አብልተው፥ የተጣላ አስታርቀው ሞቱ፤ በመንደራችን ስማቸው ሲጠራ የሚሥቅ ሰው የለም።

ፎርሙን ሦስት ቀን ይዤው ዋልሁ። በአራተኛው ቀን የአያቴን ስም እንዳለ ጻፍሁት።

ጓደኞቼ ሆይ፥ እኛ ከዚህ ትምህርት ቤት ስንወጣ የወርቅ ጋሻ የሚሰጠን የለም። የያዝነው ስም ዝንብም ቢኾን አመድም ቢኾን፥ ማር የሚያደርገው ሥራችን ነው።