ለበሽተኛ «በሞቴ ብላ» ስለማለት
(በዕድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ሰው ሲሞት ዕድራችን ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን። ድንኳን ይተከላል፣ ወንበር ይወጣል፣ ንፍሮውና ቡናው ከየቤቱ ይመጣል። እኔ ዛሬ የምናገረው ግን ከዚያ በፊት ስላለው ጊዜ፣ ይኸውም ካንሰር ጸንቶበት ምግብ አልበላ ስላለው ሰውና ስለ አስታማሚው ነው።

በእኛ ዘንድ ፍቅር የሚታየው በጉርሻ ነው። «በሞቴ!» ሲባል እንቢ ማለት ነውር ነው። ጤነኛ ሰው እየሳቀ ይጎርሳል። በሽተኛው ግን ቢጎርስ ያቅለሸልሸዋል፣ ባይጎርስ የሚወዱትን ሰዎች ያስቀየመ ይመስለዋል። ደግሞስ «በሞቴ» የሚባለው ለማን ነው? እሱ ስለ ሞት እያሰበ ተኝቷል እኮ!

የሚከሳው ምግብ ስላነሰው ብቻ አይደለም። ካንሰሩ የሰውነቱን አሠራር ይለውጠዋል፤ ጡንቻውና ስቡ ይቀልጣል፣ የምግብ ፍላጎቱም ይዘጋል። እ.ኤ.አ. በ2011 ከልዩ ልዩ አገር የተውጣጡ ባለሙያዎች በተስማሙበት መሠረት፣ የካንሰር በሽተኛ ሳይፈልግ በ6 ወር ውስጥ ከክብደቱ ከመቶ 5 እጅ በላይ ከቀነሰ ይህ የመመንመን በሽታ ነው። 60 ኪሎ ለነበረ ሰው 3 ኪሎ መሆኑ ነው። ምግብ በመጨመር ብቻም ሙሉ በሙሉ አይመለስም ብለዋል። ታዲያ «ሚስቱ አላበላችው ብላ ነው» የሚለው የቡና ወሬ ከየት መጣ? ሌሊቱን እሳት አንድዳ አጥሚት ስታሞቅ የምታድር ሴት በዚህ ልትታማ አይገባም።

ይህን ስል ዝም ብለን እንየው ማለቴ አይደለም። መጀመሪያ የሚታከም ነገር እንዳለ ይጠየቅ። አፉ ውስጥ ነጭ ነገር ከታየ፣ ቁስል ካለ፣ ሕመሙ ካልታገሠ፣ ካስመለሰው ወይም ሆዱ ከደረቀ መድኃኒት አለው። የሕመም ማስታገሻው ሞርፊን ሆድ ያደርቃል፤ ስለዚህ የሚያለሰልሰው መድኃኒት አብሮ እንዲታዘዝ ጠይቁ። ለዚህ ለዚህ ዱቦ ቅድስት ማርያም ሆስፒታል ቅርባችን ነው።

ስለ ምግቡ፦ በትልቅ ሳህን የቀረበ ምግብ ገና ሲታይ ያጠግባል። በቡና ስኒ ወይም በትንሽ ጭልፋ፣ በየሁለት ሰዓቱ፣ እሱ በፈለገው ጊዜ ይሁን። ብዙዎች ጠዋት ይሻላቸዋል። የእንሰታችን ቡላ ለዚህ የተሠራ ይመስላል፤ ልስልስ ያለ ነው፣ ወተትና ትንሽ ቅቤ ይቀበላል። ጎዳሬና ስኳር ድንችም ተፈጭቶ በወተት ይላላል። እርጎ፣ በደንብ የበሰለ እንቁላል፣ አቮካዶ ጥሩ ናቸው። ዳታው ግን አፉ ለቆሰለ ሰው እሳት ነው፤ አፉ ደህና ሆኖ እሱ ራሱ ካማረው ግን ጫፍ ታህል ብትሰጡት ምን አለበት? ሽታ ካስጠላው ወጡ ከውጭ ይሠራ፣ ምግቡም ቀዝቀዝ ብሎ ይቅረብለት። አፉን ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በገባበት አንድ ብርጭቆ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ያጉመጥምጥ። ሲበላ ቀና ብሎ ይቀመጥ። እንቅልፍ ላይ ላለ ሰው ፈጽሞ አታጉርሱ፤ ወደ ሳንባው ይገባል።

ጾም ነው ብሎ ወተት የሚተው በሽተኛ ካለ የነፍስ አባቱ ይጠየቁ፤ ቤተ ክርስቲያን በሽተኛን አታስገድድም።

የመጨረሻዎቹ ቀናት ሲደርሱ ምግቡም ውኃውም ይቀራል። ሰውነቱ እየተዘጋ ነው እንጂ ተርቦ አይደለም የሚሞተው። በዚያን ጊዜ «ግሉኮስ ይሰካለት» ብሎ በሬ መሸጥ አያድነውም፤ ፈሳሹ ሊያሳብጠውና ትንፋሹን ሊያከብድበት ይችላል። ከንፈሩን በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ማራስ፣ እጁን መያዝ፣ ማነጋገር ይሻላል፤ ይሰማ ይሆናልና። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2003 የተቋቋመው ሆስፒስ ኢትዮጵያ በሽተኞችን ቤታቸው ድረስ እየሄደ የሚረዳው እንዲህ ላለው ጊዜ ነው። እዚህ ጎረቤት ያለነው እኛ ነን።

ስለዚህ ለኮሚቴው ሁለት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ጠያቂ ሲሄድ «እንዲህ ከሳህ!» አይበል፤ ብዙ ሰው አንድ ጊዜ ግር ብሎ ከሚገባ ሁለት ሁለት ሆኖ፣ ወተት ወይም እንቁላል ይዞ ይሂድ። ሁለተኛ፣ በሳምንት ሁለት ቀን አንድ ሰው አስታማሚዋን ተክቶ ይቀመጥላት፤ ገላዋን ትታጠብ፣ ትንሽ ትተኛ። ተራው እንደ ቀብር ተራችን በየሰፈሩ ወጥቶ በመዝገብ እንዲያዝ እጠይቃለሁ።