ጉበት፣ ሐሞትና ጣፊያ በአልትራሳውንድ ሲታዩ

(በናይሮቢ ኪሌሌሽዋ ለስደተኞች የተደረገ ንግግር)



«ሆዳችሁ በአልትራሳውንድ ይታይ» ስንባል ብዙዎቻችን እንደነግጣለን። መሣሪያው ግን የሚሠራው በድምፅ ሞገድ ነው፤ እንደ ራጅ ጨረር የለውም፤ አያምም።

ከእኛ መካከል ሻይ በወተት ጠጥተን ሄደን «ነገ ተመለሱ» የተባልን አለን። ምክንያቱም ምግብ፣ በተለይም ቅባት፣ ስንወስድ የሐሞት ከረጢት ስለሚኮማተር ጠጠር ቢኖርበትም በደንብ አይታይም። ስለዚህ ለ8 ሰዓት ያህል ምግብ ሳንቀምስ እንሂድ። የስኳር መድኃኒት የምንወስድ አስቀድመን ሐኪም እንጠይቅ።

ጉዳዩ ከእኛ የራቀ አይደለም። የካኩማ ካምፕ በሚገኝበት በቱርካና፣ ከውሻ የሚተላለፍ የትል በሽታ በጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ያበቅላል። አምሬፍ የተባለው ድርጅት በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አልትራሳውንድ ወደ ሕዝቡ ይዞ በመሄድ፣ ሕመም ባልተሰማቸው ሰዎች ላይ ሳይቀር በሽታውን አግኝቷል። ጣፊያንም ወባ፣ እንዲሁም በሑመራና በመተማ የምናውቀው ካላዛር ያሳብጡታል። መሣሪያው እብጠቱን ይለካል፤ መንስኤውን ለመለየት ግን የደምና ሌላም ምርመራ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ውሻ ስንነካ እጃችንን እንታጠብ፤ የታረደ ከብት የታመመ ጉበትና ሳንባ ለውሻ አንጣል፤ ለምርመራ ስንጠራም ሳንፈራና ሳንበላ እንሂድ።