ምጣዱን ተይው

«ሶላር ለቤት ስንት ያወጣል?» ብላ ጀመረች አቅራቢዋ። ባልደረባዋ ዋጋ አልጠራም፤ «መጀመሪያ ቤትሽ ስንት ይበላል?» አላት።

ተደመረ። ባለ 10 ዋት አራት አምፖሎች ለ5 ሰዓት ሲበሩ 200 ዋት-ሰዓት፣ ባለ 60 ዋት ቴሌቪዥን ለ4 ሰዓት 240፤ በጠቅላላው 440። ለ5 የጠራ ፀሐይ ሰዓት ሲካፈል 88 ዋት ይመጣል። በሙቀት፣ በአቧራና በሽቦ የሚባክነው ሲታሰብ ግን 130 ዋት ያህል ፓኔል ያስፈልጋል።

«ምጣዱስ?»

ሳቀ። «እሱ ብቻውን ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል፤ ተይው!»

ክርክሩ የከረረው ባትሪው ላይ ነው። እሷ በርካሽነቱ የእርሳስ-አሲዱን መረጠች። እሱ አልተስማማም፦ ባለ 12 ቮልት 100 አምፔር-ሰዓቱ 1,200 ዋት-ሰዓት ቢባልም፣ ቶሎ እንዳይሞት ግማሹን ብቻ መጠቀም ይመከራል፤ ፓኔሉ 25 ዓመት ሲያገለግል ባትሪው በጥቂት ዓመታት ይቀየራል። አድማጭ ሆይ፣ ሻጩን የባትሪውን፣ የኢንቨርተሩንና የገጠማውንም ዋጋ አብረው ይጠይቁ።